ከሲሚንቶው ኋላ ያለችው ጀርመን

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ጀርመን ከገባሁ ሁለተኛ ቀኔ ነው። አየሩ መልካም ነው። ከራስጌዬ ሲሚንቶ ተደርድሯል፣ ከግርጌዬ የቀለም ባልዲ። በስተግራ ፌሮ፣ በስተቀኝ ቆርቆሮ። ያ ሁሉ ሰው የሚያደንቀው የአውሮፓ ሕንፃ ይሄ መሆን አለበት።

ነገሩን በሥርዓት ልጻፈው፣ አንድ ቀን ራሴም አላምነው ይሆናል። ጀርመን አገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ እንድማር ተቀበለኝ። የቪዛ ማመልከቻዬ በእኛው መንቀርፈፍ ዘግይቶ ገባና «በሂደት ላይ ነው» ተባልኩ። አባቴ ታጁ ግን በሂደት ላይ ያለ ነገር አይገባውም። እሱ የህንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ሲሚንቶ ወይ አለ ወይ የለም። «ልጄ እሁድ ይበራል» ብሎ ለአቃቂ በሰቃ በሙሉ ተናገረ። ሁለት በግ ተገዛ፤ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በእነሱው እጅ የሚታረድ። ቅዳሜ ዕለት ቪዛው እኮ አልመጣም ስለው፣ ሁለት በግ ግቢ ውስጥ እያለ «ቆዩ» አይባልም አለኝ። ፊት ለፊታችን የሚነግዱት ሀጂ ሀይረዲን ልጃቸውን ካናዳ ሲሸኙ ድንኳን ተክለው ነበር። አባቴ እሱን አልረሳም።

ተሸኘሁ። ዱዓ ተደረገልኝ፣ ተመረቅሁ፣ ተለቀሰልኝ። ጎረቤታችን ጋሽ በዛብህ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛና የዕድራችን ዳኛ፣ በሥራ ዘመናቸው ይለብሱት የነበረውን ካፖርት አለበሱኝ። እንደ በር ይከብዳል፣ ናፍታሌን ናፍታሌን ይሸታል። ከዚያ አባቴ በመኪናው ይዞኝ ወጣ፤ ቦሌ ሳይሆን ቢሾፍቱ። ዓሣ በላን። ሰፈሩ ሲተኛ በጓሮ በር ተመለስን። በቢሾፍቱ በኩል ጀርመን የገባሁ የመጀመሪያው ተማሪ ሳልሆን አልቀርም።

ቤት መዋል አይቻልም፣ ግቢው ተከራይ ነው የሞላው። ስለዚህ መጋዘን። አባቴ ፍራሹን ካነጠፈልኝ በኋላ «ለሳምንት ብቻ ነው» አለኝና በሩን ከውጭ ቆለፈው።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ተማሪ ሆኛለሁ። ዩኒቨርሲቲው ቪዛ የዘገየባቸው አዲስ ተማሪዎች በኢንተርኔት እንዲከታተሉ ፈቅዷል፤ እስከ እኛ ገና ድረስ። በገና በአካል ያልተገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ኢሜይሉ በጣም ትሑት ነው። እንዲህ አክብሮ የሚያባርረኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

የመጀመሪያው ኮርስ ተራርቀው የተቀመጡ ኮምፒውተሮች እንዴት አብረው እንደሚሠሩ ነው። ፕሮፌሰሩ አንድ ነገር አለ፦ አንዱ ማሽን ለሌላው መልእክት ልኮ መልስ ሲያጣ፣ ያኛው ሞቶ ይሁን ዘግይቶ ማወቅ አይችልም፣ ዝምታው አንድ ዓይነት ነው። ስለ ቪዛዬ የሚያወራ መስሎኝ ቀና አልኩ።

ለቡድን ሥራ ሌና ከምትባል ጀርመናዊት ጋር ተመደብኩ። የት ነህ አለችኝ፣ አዲስ አበባ አልኳት። እንግዲህ ለጀርመኖቹ ኢትዮጵያ ነኝ፣ ለአቃቂዎች ጀርመን ነኝ። እኔ ያለሁት በሲሚንቶና በቆርቆሮ መሀል ነው፣ እዚህ ግን የሚፈልገኝ የለም።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ሳምንቱ አለፈ። ነገሩን ሳነሳበት አባቴ ስለ ሚስማር ዋጋ ያወራል።

አዲስ ችግር። ጋሽ በዛብህ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መደብራችን በረንዳ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። አሁን ወንበሩን ጎትተው ወደ ጎን፣ ልክ እኔ ግድግዳ ሥር ወሰዱት። ፀሐይ ልሙቅ ብዬ ነው አሉ። ፀሐዩ ያለው በረንዳው ላይ ነው፣ ግን ከሽማግሌ ጋር ማን ይከራከራል። ጆሯቸው ደግሞ ጭራሽ ሄዷል። ከሽኝቴ በፊት ደህና ነበሩ፤ አሁን ባቡር ሊነሣ ነው ብለው ተሳፋሪ የሚጠሩ ይመስል እየጮኹ ነው የሚያወሩት። የዕድሩ ድንኳን መቀደዱን፣ እነ እገሌ ልጃቸውን ሊድሩ መሆኑን፣ ቡና ገበያው ጋ መንገድ መቆፈሩን ሁሉ ሰማሁ። ፕሮፌሰሩ በአንድ ጆሮዬ፣ ጋሽ በዛብህ በሌላው። ሐቁን ልናገርና የጋሽ በዛብህ ይሻላል።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

መብራት ጠፋ። ላፕቶፕ ሞተ። ዛሬ መግባት የነበረበት ሥራ አልገባም። ሌና «ችግር የለም» ብላ ጻፈች። ችግር እንዳለ ገባኝ።

ከሰዓት በኋላ፦ ጋሽ በዛብህ ለአባቴ ሲጮኹበት ሰማሁ። ነገም ከአራት ሰዓት ጀምሮ ይጠፋል አሉ፣ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ካለ ዛሬውኑ ያድርግ። አባቴ ምን ቻርጅ ሊያደርግ? ስልኩ ባለ ቁልፍ ናት፣ አንዴ ከሰኳት ሳምንት ትሰነብታለች። የሽማግሌ ወሬ ነው። ለማንኛውም መብራት ሲመለስ ላፕቶፑን ሰካሁት።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

በአራት ሰዓት ጠፋ።

ጥቅምት 30፣ እሁድ

ዛሬ «ከጀርመን» ደወልኩ። እናቴ ሐጀራ ናት ያስገደደችኝ፤ መርቀው ለሸኙህ ሰዎች ድምፅህን አለማሰማት ነውር ነው አለች። መዋሸቱ ነውር አይደለም፣ አለመደወሉ ነው። ቤታችን እንደዚህ ነው የሚሠራው።

የጋሽ በዛብህ ባለቤት እትዬ ፈለቀች አነሱ። ስለ በረዶው ጀመርኩላቸው። በዚህ ወር በረዶ ይጣል አይጣል ግን አላጣራሁም። መሀል ላይ አንድ ሲኖትራክ መደብሩ ፊት ክላክሱን ለቀቀው። በስልኩም በመንገዱም እኩል ተሰማ።

«በጀርመንም ሲኖትራክ አለ እንዴ፣ ልጄ?» አሉ።

አለ አልኳቸው። ሳል የመሰለ ነገር ሰማሁ፣ ሳል ይሁን ሌላ አላወቅሁም። ያመኑኝ ይመስለኛል። ከዚያ ጋሽ በዛብህ ተቀበሏቸው። ገርሞኝ ነበር፣ በስልክ አይጮኹም፤ ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት። ስልክ ድምፅ ያጎላ ይሆናል። ካፖርቱን ትለብሰዋለህ ወይ አሉኝ። ለብሼው ነበር። ዛሬ እውነት የመለስኩት ጥያቄ እሱ ብቻ ነው። ወለሉ ብርድ ነው፣ ከፍራሹ ሥር ካርቶን አንጥፍ አሉኝ። የጀርመንን ወለል በምን እንዳወቁት እንጃ። ካርቶን አነጠፍኩ። ልዩነት አለው።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ልያዝ ነበር። አባቴ ለሶላት መስጊድ ሄዷል፣ መደብሩ ውስጥ እህቴ ፈርዶሳ ብቻዋን ናት። ሮሪሳ የሚባል ግንበኛ መጣና ሲሚንቶው እንዳይደርቅብኝ በዓይኔ ልየው፣ መጋዘኑን ክፈቺ አለ። ፈርዶሳ ተንተባተበች። እኔ ካፖርቱን ተከናንቤ ከከረጢቶቹ ኋላ ተቀመጥኩ። የማስተርስ ተማሪ። መቀርቀሪያው ሲንቀሳቀስ ሀጂ ሀይረዲን ከማዶ ተሻግረው መጡና ናና እኔ ጋ እይ፣ የታጁ መጋዘን ዛሬ ቆጠራ ላይ ነው ብለው ሰውየውን ወሰዱት።

አባቴ ሲመለስ አበደ። ዞር ስል ጠብቆ ደንበኛ ነጠቀኝ አለ፣ ጓዳዬን ገብቶ ሊያይ ነው የፈለገው፣ አንድ ነገር ጠርጥሯል። እስኪመሽ አልበረደለትም። እኔም ሀጂን ረገምኳቸው፣ ለአባቴ ስል።

ኅዳር 10

ሮሪሳ ተመልሶ መጥቶ ሲሚንቶውን ከእኛ ገዛ። ሀጂ «የእኔ አልቋል» ብለውት ነው። ፈርዶሳ እንደነገረችኝ የሀጂ በር ላይ ሲሚንቶ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ሰውየው ሲያረጅ ንግዱም ጠፋበት ማለት ነው።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

የክርስቲያኖቹ ጾም ገብቷል። እትዬ ፈለቀች በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ለአባቴ ብለው ሽሮና ጎመን ይልካሉ፣ የጾም ነው ለእናንተም ይሆናል እያሉ። አባቴ ምሳውን ቤት ነው የሚበላው፣ ይህን ሠላሳ ዓመት ያውቃሉ። ሳህኑ ደግሞ የጎረምሳ ሳህን ነው። እናቴ ደስ አላላትም፣ ባለቤቷን ያላበላች አስመሰሏት። እኔ እየበላሁ ነው፤ በቤተሰብ ክብር ጉዳይ ውስጥ አልገባም።

ዛሬ ልጆች ግድግዳዬ ላይ ኳስ ሲለጉ ነበር፣ በትምህርቴ ሰዓት። ጋሽ በዛብህ አባረሯቸው። «ዕቃ ይወድቃል» አሉ። ካባረሯቸው በኋላ ሲያስሉ ቆዩ።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ቪዛው ዝም ብሏል። በየቀኑ ኢሜይሌን ስንቴ እንደምከፍት አልጽፍም፣ ያሳፍራል። ገና እየመጣ ነው። ሌና ታኅሣሥ ስምንት የምናቀርበውን ሥራ ብቻዋን እየገፋችው ይመስለኛል። ቃሊቲ እስር ቤት ያሉት እንኳ ጠያቂ አላቸው።

ዛሬ አባቴን በቃኝ አልኩት። እወጣለሁ፣ አልሄድኩም እላለሁ፣ መሳቂያ ከሆንኩም እሆናለሁ። መሳቂያ የምትሆነው አንተ አይደለህም አለኝ። ድምፁ ተሰበረ። የተናገርኩትን መልሼ ብውጠው ደስ ባለኝ ነበር። ሰውየው ሚስማር በኪሎ እየመዘነ ነው ያስተማረኝ፣ እኔ ደግሞ ፍራሽ ላይ ተጋድሜ እቀልድበታለሁ።

ትንሽ ቆይቶ ጋሽ በዛብህ ከግድግዳው ውጭ ጀመሩ። አባቴ ደንበኛ ላይ ነበር፣ ለማን እንደሚያወሩ አላውቅም። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር አንዳንዴ አንድ ቀን ሙሉ ይዘገይ ነበር አሉ።

«መድረኩ ላይ የቆመ ሰው ተሳፍሯል። ሰለቸኝ ብሎ ቤቱ የገባውን ነው ባቡር ያመለጠው። ባቡሩማ መጥቷል።»

ከዚያ ሳል። ረጅም ሳል። ሲያበቃ ወንበሩ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁና ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ እንዳሳረፉ አወቅሁ። እኔም በዚህ በኩል ጀርባዬን አሳረፍኩ፣ ደክሞኝ ነው።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ጋሽ በዛብህ ከማክሰኞ ጀምሮ አልመጡም። ብርድ መቷቸው ነው አለች ፈርዶሳ። ጸጥታው ለጥናት ይመቻል፣ አልዋሽም። ግን አላጠናሁም። የዕድሩ ድንኳን ተሰፍቶ ይሁን አይሁን እንኳ የማውቅበት መንገድ የለኝም።

መደወል አለብኝ። ጀርመን ሆኜ። ነገ እደውላለሁ።

ታኅሣሥ 6

አልደወልኩም። ሥራው አላለቀም። ትንሽ ዘግይተው ነው እንጂ ይመጣሉ። ነገ።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ንጋት ላይ ጡሩምባ። መኪና መሰለኝ። የዕድር ነው። ስም ጠሩ። በዛብህ አሉ።

አባቴ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። አትወጣም አለኝ፣ አንተ ጀርመን ነህ። ደግሞ አቀፈኝ።

ድንኳኑ እየተተከለ ነው። በግድግዳው ይሰማል። ስለ እኔ ይመካከራሉ። ለሱፍያን በስልክ አይነገርም፣ በባዕድ አገር ብቻውን ይጎዳል፣ ሲመጣ እናረዳዋለን አለ አንዱ። ሀጂ ሀይረዲን ከሁሉም በላይ ጮክ ብለው፣ ልጁ ፈተና ላይ ነው፣ እዚያው ይሁን፣ የሚቀየመው ሰው የለም አሉ። መርዶዬን ጆሮዬ ሥር ሆነው ደበቁኝ።

ቀብሩ ሰባት ሰዓት። ፕሬዘንቴሽኑም ሰባት ሰዓት።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ትናንት እንዲህ ሆነ።

ከሰባት ሰዓት በፊት ከሌና ጋር ኢንተርኔት ላይ ገባሁ። ፕሮፌሰሩ ገና አልመጣም። ውጭ እሪታው ጀመረ፣ አስከሬኑን ሊያነሱ ነው። ድምፁን ልዝጋው ስል ሌና ምንድን ነው አለችኝ። ጎረቤቴ ሞተው ነው አልኳት፣ አሁን ሊቀበሩ ነው።

«ታዲያ አንተ እዚያ ምን ታደርጋለህ?» አለች።

ክፋት አልነበረባትም። ምናልባት እዚያ ስትል ኮምፒውተሩ ፊት ማለቷ ነው። እኔ ግን የጀርመንን አየር ጠባይ እንኳ ፈጥሬ ያወራሁ ሰው ለእሷ የምመልሰው አንድ ውሸት አጣሁ። ድርሻዬን አንቺ አቅርቢው አልኳትና ላፕቶፑን ከደንኩት።

በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ፈርዶሳን ጠራኋት፣ ከፈተችልኝ። በጓሮ አልሄድኩም። በመደብሩ መሀል አልፌ በፊት ለፊቱ በር ወጣሁ፣ ካፖርቱን እንደለበስኩ። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው፤ ነጠላ የለበሰው፣ ኮፍያ ያደረገው። አባቴ ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ነበር፣ ሲያየኝ ፊቱ አመድ ሆነ። ሰፈሩ ሲጮህ፣ ሲያጨበጭብ፣ ሲስቅ ጠበቅሁ።

አንድም ሰው እንኳ አልደነገጠም። ሀጂ ሀይረዲን ሳጥኑን በአንድ በኩል ይዘው ነበር፣ ትከሻቸውን ሸሸት አደረጉና «ና፣ በዚህ በኩል ያዝ» አሉኝ። ያዝኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ለሌላዋ ስለ ካፖርቱ ስታወራ ሰማሁ፣ ልኩ ሆነለት አለች። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ስለ ጀርመን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ እትዬ ፈለቀች አጠገብ ተቀመጥኩ። የካፖርቱን እጅጌ ያዙ። መደወል ነበረብኝ አልኳቸው። ከዚያ ለማጽናናት ብዬ የማይረባ ነገር ተናገርኩ፤ ሰሞኑን ጆሯቸው ደክሞ ነበር፣ ሲጮኹ እሰማቸው ነበር አልኩ።

«ጆሮውማ ደህና ነበር» አሉ እትዬ ፈለቀች። «ማታ ማታ ጉሮሮውን በማር ነበር የማሽለት። ቀስ ብለህ ብታወራስ ስለው፣ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ልጁ አይሰማኝም ይለኝ ነበር።»

አለቀስኩ። ሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከሽኝቱ ማግስት ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ቢሾፍቱ ዓሣ የበላንበት ቤት አስተናጋጁ የሀጂ ሀይረዲን የእህት ልጅ ነው። እኔ ኮምፒውተር እማራለሁ፣ እነሱ ደግሞ አባቴን ላለማሳፈር እየተጠራሩ ስለ በረዶው ይጠይቁታል።

አባቴ ቤት ስንገባ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። «ለካ ተደብቄ የከረምኩት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ራቱን አቀረቡለት፣ በላ።

ሌና ጽፋለች። ድርሻዬን አቅርባዋለች፣ ፕሮፌሰሩ እኔን በሌላ ቀን በቃል ይጠይቀኛል። ነፍስ ይማር የሚለውን ከየት እንዳገኘችው አላውቅም፣ በአማርኛ ጽፋው ነበር።

ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ

ፓስፖርትህን ይዘህ ና የሚል ኢሜይል መጣ። ሁለት መስመር። ይህን ያህል ጊዜ የጠበቅሁት ሁለት መስመር ነው። ቪዛው ዘግይቶ ነበር እንጂ አልሞተም። ስለ ጋሽ በዛብህም «ዘግይተው ነው» ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ ታኅሣሥ ስድስት ላይ አለ። ገጹን ልቀድደው አስቤ ተውኩት።

አባቴ መንገዱን ተሻግሮ ለሀጂ ሀይረዲን ራሱ ነገራቸው፣ ልጄ እሁድ ይበራል ብሎ።

«ደግሞ?» አሉት።

አባቴ ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። በግ አይገዛም፣ ጾምም ነው፣ ሐዘንም ነው። ዱዓውና ምርቃቱ ያለፈው ያገለግላል ተባለ።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ነገ እሄዳለሁ፣ በእውነተኛው መንገድ። ገናን ሦስት ቀን ቀድሜ እገባለሁ። ካፖርቱን መልሼ ልስጥዎት ስላቸው እትዬ ፈለቀች ተቆጡ። ሻንጣ ውስጥ አልገባም ስላለ ለብሼው ነው የምሄደው፤ በፍተሻው ላይ የሚስቅ ይሳቅ።

ጠዋት መጋዘኑን ጠረግሁ። ፍራሹን አነሳሁ፣ ካርቶኑን አነሳሁ። ሮሪሳ መጥቶ የቀረውን ሲሚንቶ ጫነ። ባዶ ሲሆን ትንሽ ክፍል ነው፣ እንዴት እንደኖርኩበት ገረመኝ። ከዚያ ወጥቼ በጎን ዞርኩና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ልክ ነበርኩ፣ እዚያ ቦታ ፀሐይ የሚባል ነገር የለም። ይበርዳል። ያ ሁሉ ጠዋት ብርድ ላይ ነበሩ።

ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። እንደ እሳቸው ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቪዛው መጥቷል፣ ነገ እሄዳለሁ፣ መድረኩ ላይ ነው የጠበቅሁት አልኩ። ባልዲ ልትገዛ የመጣች አንዲት ሴት ዞር ብላ አየችኝ። ከግድግዳው ወዲያ ማንም አልነበረም።

ሀጂ ሀይረዲን ከማዶ ሚስማር ይመዝኑ ነበር። ዓይናቸውን ከሚዛኑ ሳያነሱ «ሰምተናል» አሉ።